ሁለት የጤፍ ፍሬ ያህል ቦታ

የመጀመሪያው የፓቶሎጂ (ከሳንባዬ የተወሰደው ናሙና ምርመራ) ወረቀት አሁንም ቤቴ አለ። ባለቤቴ ሊቀደው ፈልጎ ነበር፤ ከእጁ ነጥቄ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። የተሳሳተ ሰነድ አይጣልም። ይሰረዝበትና ከትክክለኛው ጋር በአንድ ፋይል ይታሰራል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት መስመር ነው። አንደኛው ናሙናው ትንሽና የተደፈጠጠ ነው ይላል። ሁለተኛው «ስሞል ሴል ካርሲኖማ» ይላል፤ ፈጣን የሳንባ ካንሰር ነው። ታኅሣሥ 2014 ነበር። ያኔ 41 ዓመቴ ነው። ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ቤታችን ውስጥ የሚጨስ ነገር ቢኖር የቡና ዕጣን ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ።

ሳሉ የጀመረኝ በ2012 ክረምት ነው። ጎንደር በክረምት የማያስል ሰው የለም፣ እኔም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አማቴ ፌጦ በሎሚ በጥብጠው አጠጡኝ። ጎረቤቴ ዳማከሴ አሽታ አመጣችልኝ። ምች ነው ተባለ። ምች ሁለት ወር አይቆይም ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ። «አስም ነው» ተብዬ ፓፍ ተሰጠኝ።

ፓፉ ምንም አልፈየደልኝም። ባለቤቴ አንድ ሌሊት ጆሮውን ጀርባዬ ላይ ለጥፎ ቆየና «አንቺ፣ በቀኝ በኩል ብቻ ነው እኮ የሚያፏጨው» አለኝ። ሳቅሁበት። ልብስ ሰፊ ስለ ሳንባ ምን ያውቃል? በኋላ ነው የገባኝ። አስም ሲያፏጭ ሁለቱንም ሳንባ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ቧንቧውን ያጠበበ ነገር ሊኖር ይችላል። ይህችን ታሪክ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተርካታል።

ቀጥሎ የሳንባ ምች መጣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሦስቱም ጊዜ ራጁ የሚያሳየው ያው ቀኝ ሳንባ፣ ያው ላይኛው ክፍል። አንቲባዮቲክ ስወስድ ትኩሳቱ ይጠፋል። ሁለት ሦስት ወር ደህና እሆናለሁ። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ከሦስተኛው በኋላ የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ። አክታዬ ሦስት ጊዜ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም ነበር። ለማንኛውም ተብሎ ስድስት ወር ሙሉ ዋጥኩት፣ ሽንቴ ብርቱካን እስኪመስል።

በቲቢው ማንንም አልወቅስም። በእኛ አገር የሚያስል፣ የከሳ፣ ላይኛው ሳንባው ላይ ጥላ ያለበት ሰው ሲመጣ ከቲቢ መጀመር ያስኬዳል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አራት ጊዜ ራጅ ተነሥቻለሁ፣ ሦስት የተለያየ ቦታ። አራቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። ሁለት ደረሰኝ ሳላመሳክር ፊርማዬን የማላኖር ሴትዮ፣ እኔም አላሰብኩትም።

ኅዳር 6 ቀን 2014፣ የቁስቋም ዕለት፣ ከሰው ጋር ዳገቱን ስወጣ ሳሉ ያዘኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ሳነሣው ጥለቱ ላይ ደም አለ። ትንሽም አይደለም። ታቦቱን ሳልሸኝ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሲቲ ስካኑ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ነገር አሳየ። ወደ ቀኝ ላይኛው ሳንባ የሚወስደው የአየር ቧንቧ አፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ያ ሁሉ የሳንባ ምች ከየት እንደመጣ ያን ቀን ተፈታ። በሩ ግማሹ ተዘግቶ፣ ከበስተኋላ ያለው ክፍል ውስጥ አክታ እየተጠራቀመ ይቆስል ነበር።

ብሮንኮስኮፒ ለመደረግ አዲስ አበባ ሄድን። ቀጭን ካሜራ በአፍ በኩል እስከ ሳንባ ቧንቧ ይገባል። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ብዙ የለም፣ ግን ሐኪሙ በኋላ ፎቶውን አሳየኝ። ቀይ፣ ክብ፣ ልስልስ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ። የቡና እሸት ነው የመሰለኝ። እንዲያውም የሚያምር ነገር ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ገና ሲነካ ደማ፤ ሐኪሙም ፈርቶ ሁለት ፍርፋሪ ብቻ ወሰደ። እነዚያ ሁለት ፍርፋሪዎች ናቸው በመቆንጠጫው ተደፍጥጠው ያንን ወረቀት ያመጡብኝ።

ወረቀቱን ሳነብ ጆሮዬ ጭው አለ። ማታ በስልኬ አነበብኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር። ስሞል ሴል ፈጣን ነው። ሲገኝ ከሦስት ሰው ሁለቱ ላይ ከደረት ወጥቶ ተሰራጭቷል። በአብዛኛው የሚይዘው ለረጅም ጊዜ ያጨሰን ሰው ነው። የኬሞ ቀጠሮ ተሰጠኝ፤ ሲስፕላቲንና ኤቶፖሳይድ፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ ከደረት ጨረር ጋር። ልጆቹን ለእህቴ አደራ ለመስጠትና ሥራዬን ለማስረከብ አንድ ሳምንት ብለው ወደ ጎንደር ሰደዱኝ።

እዚህ ደሜን ላስመረምር ሆስፒታል ሄድኩ፤ ለኬሞው ቅድመ ዝግጅት ነው። የተቀበለኝ ወጣት ሐኪም ነው፣ የእኔ ታናሽ ወንድም ቢሆን ነው። ወረቀቱን አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ አነበበ።

«ያጨሱ ነበር?»

«ኧረ በስመአብ!»

«ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ ከምናምን።»

«የድሮ ራጆችዎ አሉ?»

ለሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሠርግ ነው። በማግስቱ ቦክስ ፋይሉን ይዤ ሄድኩ። አራቱም በቀን ቅደም ተከተል፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው። ዶክተሩ መስኮቱ ላይ በብርሃን አንድ በአንድ ያዛቸው። ጥላው የ2012ቱ ላይም አለ። በመጠኑ ያንሳል እንጂ ያው ቦታ ነው፣ ያው ቅርጽ ነው።

«ስሞል ሴል እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት የለውም» አለኝ። «በሳምንታት ነው የሚያድገው። ይኼ ዓመት ተኩል ቁጭ ብሎ ጠብቆዎታል። አንድ ነገር አልተገጣጠመም።»

ሒሳቡ አልተገጣጠመም ማለት ነው። ይህንን ቋንቋ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ያስረዳኝን እንደገባኝ ልጻፈው፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነውና።

በአየር ቧንቧችን ሽፋን ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትነው የሚገኙ ጥቂት ሴሎች አሉ። እንደ ነርቭ መልእክት ይቀበላሉ፣ እንደ ዕጢ ሆርሞን ያመነጫሉ። ኒውሮኢንዶክሪን የተባሉት ለዚህ ነው። ከእነዚህ ጋር የሚመሳሰሉ የሳንባ ዕጢዎች፣ ማለትም ካንሰሮች፣ በአንድ ቤተሰብ ይመደባሉ። ቤተሰቡ አራት ልጆች አሉት። ቲፒካል ካርሲኖይድ፣ አቲፒካል ካርሲኖይድ፣ ላርጅ ሴል ኒውሮኢንዶክሪን ካርሲኖማ፣ ስሞል ሴል ካርሲኖማ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ ምዕራፍ ሰብስቧቸዋል፣ በ2021ም እንዲሁ ነው የተዋቸው። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ጠባያቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሲጋራ ጋር አይገናኙም፣ ዝግ ብለው ነው የሚያድጉት። የኋለኞቹ ሁለቱ የአጫሽ በሽታዎች ናቸው፣ ጊዜ አይሰጡም። ካርሲኖይድ ከሳንባ ዕጢዎች ሁሉ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው።

የትኛው ልጅ እንደሆነ የሚታወቀው በምን መሰላችሁ? በቆጠራ።

ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ለሁለት በመከፈል ላይ ያሉትን ሴሎች ይቆጥራል። የሚቆጥረው 2 ካሬ ሚሊ ሜትር ቦታ ላይ ነው። ቤት ገብቼ በማስመሪያ ለካሁት። ሁለት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ያን ያህል ነው። በዚያ ቦታ ከ2 በታች ከተቆጠረና የሞተ ሥጋ ከሌለበት ቲፒካል ነው። ከ2 እስከ 10 ከሆነ፣ ወይም ነጠብጣብ የምታህል የሞተች ቦታ ካለችበት አቲፒካል ነው። ከ10 ካለፈ ወደ ኋለኞቹ ሁለቱ ተሻግሯል። እነዚያን እርስ በርስ የሚለያቸው የሴሉ መጠንና መልክ ነው። ስሞል ሴል ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ60ም ይበልጣል።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ጉዳይ የሚመጣው። የተደፈጠጠ ፍርፋሪ ላይ ምን ይቆጠራል? የስሞል ሴል ሴሎች ለስላሳ ስለሆኑ በመቆንጠጫ ሲያዙ ይደፈጠጣሉ፣ ጥቁር ሰማያዊ ጭረት ይሆናሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጭረት ያየ ዓይን ወደ ስሞል ሴል ያደላል። ችግሩ ካርሲኖይድም ሲደፈጠጥ ያንኑ ይመስላል። ክሮሞግራኒንና ሲናፕቶፊዚን የሚባሉ ማቅለሚያዎች አሉ፤ እነሱም አይለዩትም። ሁለቱ ላይም ሊቀልሙ ይችላሉ። የማን ቤተሰብ እንደሆነ ይናገራሉ እንጂ የትኛው ልጅ እንደሆነ አይናገሩም።

የሚለየው ኪ-67 የሚባል ሌላ ማቅለሚያ ነው። በመራባት ላይ ያሉትን ሴሎች ቡናማ ያደርጋቸዋል። ስሙ እንደ መኪና ታርጋ ነገር ነው። ኪ የጀርመኗ ከተማ ኪል ናት፤ 67 ደግሞ መጀመሪያ የተገኘበት የላብራቶሪ ሳህን ጉድጓድ ቁጥር ነው። ካርሲኖይድ ላይ ቡናማው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 20 አይሞላም፣ ቲፒካሉ ላይ ከ5 በታች ነው። ስሞል ሴል ላይ ከ50 በላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ 80ና 90። ፍርፋሪው ቢደፈጠጥም ይህ ልዩነት አይጠፋም። ዓይን ቢሳሳት ቀለሙ አይሳሳትም ማለት ይቻላል።

እና የእኔ ናሙና ላይ ኪ-67 አልተሠራም ነበር። ለምን እንዳልተሠራ አልጠየቅሁም። ጠይቄስ ምን ላደርግ።

ዶክተሩ ኬሞውን እንዳልጀምር አልነገረኝም፤ አስተዋይ ነው። «አንድ ሳምንት ይስጡኝ» ነው ያለው። ናሙናው ሰም ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል፤ ብሎክ ይሉታል። ከሻማ የተቆረጠ ቁራጭ ይመስላል። ሕመምተኛው ጠይቆ ሊወስደው እንደሚችል ያን ቀን ነው የሰማሁት። ባለቤቴ ከአዘዞ በአውሮፕላን ሄደ። ብሎኩን ተቀብሎ ሱቁ ውስጥ ክር የሚያስቀምጥበት ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በጥጥ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ወሰደው። አንዱን የስፌት መኪና የሸጠው ያኔ ነው። ለእኔ አልነገረኝም። ሱቅ ገብቼ ባዶውን ቦታ አየሁት።

በሰባተኛው ቀን ደወለ። እያነበበልኝ ነው፤ አንዱንም ቃል በቅጡ አይጠራውም።

«ኪ-67፣ 5 ፐርሰንት ይላል። አምስት ጥሩ ነው መጥፎ?»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሁለተኛው ወረቀት «ካርሲኖይድ ዕጢ» ይላል። ቲፒካል ይሁን አቲፒካል በዚህ ናሙና መለየት እንደማይቻል፣ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ እንደሚወሰን ጽፎበታል። እንዲህ ዓይነት ወረቀት እወዳለሁ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰነድ።

ኬሞው ተሰረዘ። ካርሲኖይድ ለሲስፕላቲን እዚህ ግባ የሚባል ምላሽ አይሰጥም። ማለትም ያቅለሸልሸኝ፣ ኩላሊቴና ጆሮዬ ይጎዳ፣ ጸጉሬም ይረግፍ ነበር፣ ዕጢው ግን በቦታው ቁጭ እንዳለ። የካርሲኖይድ መድኃኒቱ ቢላ ነው።

ስለ አንድ ሰው ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ብሮንኮስኮፒ የተደረግሁ ቀን አጠገቤ የተኙ ከመተማ የመጡ የሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ከ40 ዓመት በላይ ሲጋራ ያጨሱ ሰው ናቸው። የእሳቸውም ወረቀት እንደ እኔው «ስሞል ሴል» ይላል። የእሳቸው ግን ትክክል ነበር። ወደ ጉበት ደርሷል። በመጀመሪያው ኬሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተነፋው ፊታቸው ጎደለ፣ ማነቁ ተዋቸው፣ በስልክ ሲያወሩኝ ድምፃቸው እንደ ጎረምሳ ሆኖ ነበር። ስሞል ሴል እንዲህ ነው። ኬሞ ሲያገኘው እንደ በረዶ ይሟሟል፣ ከዚያ ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱን ለምዶት ይመጣል። ከደረት ሳይወጣ ከተገኘ ኬሞና ጨረር አብረው ተሰጥተው የሚድን ሰው አለ፤ ወደ አንጎል እንዳይሄድም መከላከያ ጨረር ለጭንቅላት ይሰጣል። ከወጣ በኋላ ግን ዕድሜ መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አቴዞሊዙማብ የሚባል የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት ከኬሞው ጋር መስጠት ተጀምሯል፤ ጥቂት ወራት ይጨምራል። ጋሼ እሱን አላገኙም። በቀጣዩ ዓመት፣ ጥምቀት ሳይደርስ ልጃቸው ደወለችልኝ።

እኔና እሳቸው አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘን ነበር። አንዳንድ ሌሊት ይህ ነገር ይመጣብኛል።

ወደ ቀዶ ጥገናው ልመለስ። መጋቢት 2014፣ አዲስ አበባ። ቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፣ ግራው ሁለት። የእኔ ዕጢ የተቀመጠው ላይኛው ክፍል ከዋናው ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው። ላይኛውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ዕጢውን ቧንቧው ላይ ያስቀረዋል። ሙሉውን ቀኝ ሳንባ ማውጣት ደግሞ ለ41 ዓመት ሴት ብዙ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሦስተኛ መንገድ አለ አለ። ላይኛውን ክፍል ከዋናው ቧንቧ ቁራጭ ጋር አብሮ አውጥቶ፣ የቀረውን የታችኛውን ቧንቧ ወደ ላይ ስቦ መስፋት። ስሙ በእንግሊዝኛ እጅጌ ማለት ነው፣ «ስሊቭ» ይሉታል።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። በሆስፒታል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው ነገር ሲነገር ሰማ።

«ሁለቱ አፎች ስፋታቸው እኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ቀዶ ሐኪሙ ፈገግ አለ። «አይደለም። የላይኛው ይሰፋል።»

«ታዲያ ሰፊውን ትንሽ ትንሽ እየሰበሰብክ ነዋ የምትሰፋው። አለዚያ ይሸበሸባል።»

«እንደሱ ነው የምናደርገው» አለ ሐኪሙ። የጨዋታ አልነበረም፤ ቁም ነገር ነው ያወሩት። እኔ መሃል ላይ እንደ ጨርቅ ተቀምጫለሁ።

ከበሽታው አካባቢ 11 ንፊፊቶችም አብረው ወጡ። ይህ የግድ ነው። ካርሲኖይድ ዝግተኛ ነው ማለት ወደ ንፊፊት አይሄድም ማለት አይደለም። ስነቃ ደረቴ ውስጥ ሁለት ቱቦ ነበር። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አልጽፍም፤ ያመኛል፣ አለፈ።

የመጨረሻው ወረቀት ሲመጣ በቀጥታ ያየሁት ቁጥሩን ነው። በ2 ካሬ ሚሊ ሜትር 3። የሞተ ቦታ የለም። ኪ-67፣ 8 ፐርሰንት። 11ዱም ንፊፊቶች ንጹሕ። የቧንቧው ጠርዝ ንጹሕ። ድምዳሜ፣ አቲፒካል ካርሲኖይድ።

ሁሉም ሰው እልል አለ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። አንድ ቢሆን ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበራ። በአንድና በሦስት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት የጤፍ ፍሬ ላይ ሁለት ነጥብ ነው። ግን ቲፒካል ከሆነ ከ100 ሰው 90 ገደማው ከአምስት ዓመት በኋላም አለ። አቲፒካል ላይ ቁጥሩ ይወርዳል። ዶክተሬ (የጎንደሩ ማለቴ ነው፣ አሁን «ዶክተሬ» የምለው እሱን ብቻ ነው) «ንፊፊቱ ንጹሕ ነው፣ እሱን ይያዙ» አለኝ። ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ምንም መድኃኒት አልተሰጠኝም። ዘመዶቼ ይህን ማመን አቃታቸው። «እንዴት ካንሰር በባዶ እጅ ይለቀቃል?» አሉ። ሙሉ በሙሉ ከወጣና ንፊፊት ካልነካ፣ ተጨማሪ ኬሞ እንደሚጠቅም ያሳየ ነገር የለም። መድኃኒቶቹ የሚመጡት ከተሰራጨ ነው። በየወሩ የሚወጋ ኦክትሪዮታይድ ወይም ላንሪዮታይድ አለ፤ ሴሎቹ ላይ ያለውን፣ ሶማቶስታቲን የሚባል ሆርሞን የሚያርፍበትን መቀበያ ይዞ ያቀዘቅዛቸዋል። ኤቨሮሊመስ የሚባል በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ። 302 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ 90ዎቹ የሳንባ ነበሩ፣ በሽታው ሳይብስ የሚቆይበትን ጊዜ ከ3.9 ወር ወደ 11 ወር አድርሶታል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቅዳዋለች። አፍ ያቆስላል ይባላል። ሉቴሺየም የሚባል ጨረር ያለው መድኃኒትም አለ፤ ያንኑ መቀበያ ፈልጎ ሄዶ ሴሉን እዚያው ያቃጥላል። ሆድ ውስጥ ላሉት ነው የተፈቀደው፣ ለሳንባም የሚሰጡ አሉ። ቴሞዞሎማይድ የሚባል የሚዋጥ ኬሞም አለ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። ባልጠቀምባቸው ደስ ይለኛል።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር። በቀጠሮ በሄድኩ ቁጥር «ፊትሽን አያቀላሽም?» ይሉኛል። ዕጢው ሆርሞን ወደ ደም ከለቀቀ ፊት ይቀላል፣ ተቅማጥ ይይዛል፣ ካርሲኖይድ ሲንድሮም ይሉታል። የሳንባው ላይ ብዙም አያጋጥምም። ግን የእኔ ፊት እንዴት ብሎ ነው የሚቀላው? የጠይም ሰው ፊት ይሞቃል እንጂ አይቀላም። «በድንገት ፊትሽን አንገትሽን ያነድሻል?» ተብሎ ቢጠየቅ ሕመምተኛው ይገባዋል። የፊት መንፋትና ያለ ምክንያት የስኳርና የደም ግፊት መነሣትም መጠየቅ አለበት፤ ዕጢው የኮርቲዞልን ሆርሞን የሚቀሰቅስበት ጊዜ አለ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ስሙ ነው። ካርሲኖይድ ማለት «ካንሰር መሰል» ማለት ነው። ኦበርንዶርፈር የሚባል የሙኒክ ፓቶሎጂስት ነው እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው፣ አንጀት ላይ አይቶ። ጉዳት የሌለው መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ራሱ ሊሰራጭ እንደሚችል አርሞ ጻፈ፣ ስሙ ግን ቀረ። ስለዚህ አንዷ ዘመዴ እስከ ዛሬ «አንቺ እንኳ ካንሰሩ መሰል ነው፣ ዋናው አይደለም» ትለኛለች። እህቴ፣ ዋናው ነው። ዝግተኛው ዋና። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ለዚህ ነው ክትትሉ የማያልቀው። መጀመሪያ በየስድስት ወሩ ሲቲ ስካን እነሣ ነበር፣ አሁን በዓመት አንዴ ነው። የሚቀጥለው ጥር ላይ ነው። ፍቃድ ከወዲሁ ሞልቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከዳባት የመጣች ሴት ሱቁ ድረስ ጠይቃ አገኘችኝ። የወንድሟን ወረቀት ይዛለች። «ኒውሮኢንዶክሪን ካርሲኖማ» ይላል፣ አለቀ። የትኛው እንደሆነ የለም። ስንት ተቆጠረ የለም። ኪ-67 የለም። ወንድሟ 36 ዓመቱ ነው፣ አያጨስም፣ ካሳለ ዓመት አልፎታል። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ሐኪም አይደለሁም፤ እውነትም መጥፎው ሊሆን ይችላል። ሦስት ጥያቄ ጻፍኩላት። ናሙናው በቂ ነበር ወይ? ቁጥሩ ስንት ነው? ኪ-67 ስንት ነው? የድሮ ራጁንም ቤት ፈልጊ አልኳት። ሣጥን ውስጥ ይሁን ፍራሽ ሥር አታውቅም፣ ግን አለ።

ብሎኩን ሰኞ ትቀበላለች። ባለቤቴ የክር ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ሰጥቷታል።